ስመኝ የምትተነፍሰው አየር

በማግስቱ ልሄድ፣ በዋዜማው ምሽት ጉሙ ከጉና ወርዶ እስከ ደጃችን ደርሶ ነበር። ሐምሌ ነው። የደብረ ታቦርን ሐምሌ እናንተ እዚያ ያላችሁት ታውቁታላችሁ፤ ካልሲ ታጥቦ ሳይደርቅ የሚሻግትበት፣ ሰው ከጋቢው ውስጥ ሆኖ የሚያወራበት ወር ነው። ባለቤቴ ስመኝ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ ዚፑን ለመዝጋት ትታገላለች። እኔ በሶው ይውጣ እላለሁ፣ እሷ መጻሕፍቱ ይውጡ ትላለች። ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። ሊሰናበቱን የመጡት ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች አንድ በአንድ ወጥተው አልቀው ታምራት ብቻ ቀርቷል።

ታምራት የፊዚክስ መምህር ነው፤ ከሐዋሳ ተመድቦ መጥቶ ከኛ ጎን ያለውን ክፍል ተከራይቶ የሚኖር። ረጅም ነው፣ ሳቂታ ነው፣ የደጋው ብርድ ስላልተስማማው አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ሻርፕ ይጠመጥማል፣ ያጨሳልም። በር ላይ ቆሞ ሲጋራውን ጨርሶ ገባና እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«አንተ ሂድ ብቻ» አለኝ። «ስለ ስመኝ አታስብ። እኔ አለሁላት።»

«እሰይ፣ እንግዲያው መብራት ሲጠፋ የማሽኑን ጄኔሬተር አንተ ትጎትታለህ» ብላ ስመኝ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ያቺ ቃል ግን አብራኝ ተሳፈረች። እኔ አለሁላት። ምን ማለት ነው አለሁላት? ሰው ለሰው ሚስት እንዴት አድርጎ ነው የሚኖርላት? ሚኒባሱ በጭጋጉ ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ ወረታ ሲወርድ ሌላው ተሳፋሪ ይጸልያል፣ እኔ ይህን አሰላስላለሁ። የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ነበር፤ ወትሮ ሳየው ደስ የሚለኝ አገር ነው፣ ያን ቀን አላየሁትም። ባሕር ዳር ስደርስ ስልክ ደወልኩ። «በሰላም ገባህ?» አለች ስመኝ። «ታምራት እዚያ ነው?» አልኳት። «ሥራ ሄዷል፣ ምነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኩ።

ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ፤ ዘመድ ሁሉ «እሱባለው ደመና ሊማር ፈረንጅ አገር ሄደ» እያለ እንደሚስቅብኝ ስለማውቅ። ደመና ከውሃ ብቻ አይሠራም። አየር ላይ ያለው እንፋሎት ጠብታ ለመሆን የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል፤ ያ ነገር በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው። ከአፈር ይነሳል፣ ከምድጃ ይነሳል፣ ከዛፍ ሳይቀር ይነሳል። ፀሐይ የባሕር ዛፉን ቅጠል ሲመታው የሚሸታችሁ ያ ሽታ አየር ላይ እየተለወጠ ሄዶ ብናኝ ይሆናል። ኦርጋኒክ ኤሮሶል ይሉታል። ብናኙ ሁሉ ጠባዩ አንድ አይደለም። አሁን ከምድጃ የወጣ ጭስ ቅባት ስላለው ውሃ ብዙም አያስጠጋም፤ ፀሐይና ንፋስ አግኝቶት አንድ ሁለት ቀን ሲንከራተት ግን ይለወጥና ውሃ መጠጣት ይጀምራል። ጠጥቶ ያብጣል። በቂ ከጠጣ የደመና ጠብታ ይሆናል። ምን ያህል እንደሚጠጣ መለካት ነው የኔ ትምህርት።

ስመኝም እንደኔ የኬሚስትሪ ሰው ናት፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ላቦራቶሪ ታስተምራለች። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ተካፈልነው። ፈረንጆቹ አንድ የመለኪያ መሣሪያ ሰጡን፤ በጋፋት በኩል ባለው ዳገት ላይ፣ የአንድ ሕንፃ ሰገነት ላይ በተሠራች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተተከለ። አየሩን በቱቦ ይስባል፣ ብናኙን ያደርቀዋል፣ መልሶ በእርጥብ አየር ውስጥ ያሳልፈውና ምን ያህል እንዳበጠ ይለካል። ስመኝ ማጣሪያውን ትቀይራለች፣ ማሽኑን ትጠብቃለች፣ ቁጥሩ በኢንተርኔት ለኔ ይመጣል። እኔ ፊንላንድ ሆኜ የደብረ ታቦርን አየር አነባለሁ። ሲነገረን ጥሩ ነገር መስሎን ነበር።

ፊንላንድ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ የጉምሩኩ ሰው ሻንጣዬን አስከፈተኝ። በሶውን አወጣው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ገብስ ነው።»

«ገብስ እንዲህ አይደለም።»

«ተቆልቶ የተፈጨ ነው።»

«ለምን ይቆላል?»

ምን ይባላል? ዱቄቱን በጓንቱ ነካ፣ አሸተተ፣ ውሻ አስመጣ። ውሻው አፍንጫውን ላስቲኩ ውስጥ ከትቶ ሲስብ በሶው አፍንጫው ውስጥ ገባና አከታትሎ አስነጠሰ። ሰውየው ውሻውን አየ፣ እኔን አየ። «የሥራህ ዓይነት?» አለኝ። «ብናኝ አጠናለሁ» አልኩት። ረጅም ጊዜ አቆየኝ።

የገባሁባት ከተማ በሐይቅና በጫካ የተከበበች ናት። መዝገበ ቃላቱ የነሱን ዛፍ ጥድ ይለዋል፤ ጥድ አይደለም። የኛ ጥድ ቤተ ክርስቲያን ከቦ የሚቆም፣ ቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጺም የተንዠረገገ ዛፍ ነው። የነሱ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ተሰልፏል። ጫካው ውስጥ የመለኪያ ማማ አላቸው፤ እያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር ተለጥፎበታል፣ ምን እንደተነፈሰ፣ ትንፋሹ ስንት ብናኝ እንደሆነ፣ ብናኙ ስንት ውሃ እንደጠጣ ይታወቃል። በዛፍ እንኳ ቀናሁ። የኛን ባሕር ዛፍ ማን ጠይቆት ያውቃል?

አስተማሪዬ ሄልቪ ትባላለች። ትባላለች ስል ደግሞ ቅር ይለኛል፣ አያቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። «ፕሮፌሰር አትበለኝ፣ ሄልቪ በቃ» አሉኝ። አፌ እምቢ ስላለኝ ለብዙ ጊዜ ስማቸውን ሳልጠራ በጉሮሮዬ ድምፅ እያሰማሁ ነበር የማናግራቸው። እዚህ ሰላምታ «ሞይ» ነው። እንዴት አደርክ የለ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው የለ፣ ሞይ ብሎ ማለፍ። ብርድ እናውቃለን ብዬ ነበር የመጣሁት፤ የኛ ብርድ ቀን ፀሐይ ሲወጣ ይቅርታ የሚጠይቅ ብርድ ነው። የነሱ አይጠይቅም። ዳቧቸው ጥቁር ነው፣ ይኮመጥጣል፤ ዓይን ጨፍኖ ከበሉት እንጀራን ለማስታወስ ትንሽ ይቀረዋል፣ እሱ ነው የሚያበሳጨው።

አከራዬ ማርኩ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ቀን መጥቶ መስኮቴ ላይ የተንጠለጠለውን ውሃ አየና ተንፍሶ ተቀመጠ።

«ምን ታደርጋለህ እዚህ ቤት ውስጥ?»

«ሽሮ እሠራለሁ።»

«ስንት ሰዓት ይፈላል?»

«እስኪንተከተክ ነዋ።»

«ግድግዳዬ ይሻግታል» አለና አንዲት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። «ከዚህ መስመር እንዳያልፍ።» ቀኑን ሙሉ ብናኝ ውሃ ሲጠጣ ስለካ ውዬ ማታ ቤቴ ስገባ እኔው ራሴ እለካለሁ። ሽሮዬን ከድኜ፣ መስኮት ከፍቼ፣ በዚያ ብርድ ላይ ካፖርት ለብሼ ነበር የምበላው።

በሳምንቱ መጨረሻ ከስመኝ ጋር እናወራለን። ከዚያ ውጪ ያለኝ ቁጥሩ ነበር። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት የትናንቱ የደብረ ታቦር አየር በመስመር ተሥሎ ይጠብቀኛል። ጠዋት ከተማው ምድጃውን ሲለኩስ መስመሩ ቀስ ብሎ እንደ ኮረብታ ይነሳል። ቀትር ላይ ይተኛል። ለራት ሲነደድ እንደገና ይነሳል። መብራት ሲጠፋ ይቋረጣል፤ ያኔ ስመኝ ዳገቱን እየሮጠች ስትወጣ ይታየኛል። እሷ የምትተነፍሰውን አየር ከሷ አንድ ቀን ዘግይቼ አያለሁ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ይህ ያጽናናኝ ነበር።

ከዚያ እሾሁ መጣ።

አመሻሽ ላይ፣ የራቱ ጭስ ከመነሳቱ በፊት፣ እንደ እሾህ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ወዲያው የሚወርድ መስመር። አንድ ቀን ቢሆን ዝም እለው ነበር። በየቀኑ ሆነ። ትኩስ ጭስ ነው፣ ከቱቦው አጠገብ የተነሳ፤ ውሃ ሲሰጡት አያብጥም። ሄልቪ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው አዩት።

«ብክለት ነው» አሉ። «አንድ ሰው ቱቦው አጠገብ ሲጋራ ያጨሳል። ሰርዘው።»

ልሰርዘው አልቻልኩም። ከዚያ ሁሉ ቁጥር ውስጥ የማነበው እሱን ብቻ ሆነ። ስመኝ ማጣሪያ የምትቀይረው አመሻሽ ላይ ነው፣ እሾሁ የሚመጣው አመሻሽ ላይ ነው፣ ሲጋራ የሚያጨሰው ደግሞ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ረዘም ያለ ቀን ዛሬ ምን እያወሩ ነው ይህን ያህል እላለሁ። ሁለት እሾህ ተከታትሎ ሲመጣ፣ ሁለተኛውን የለኮሰው እንዳትሄድ ብላው ነው እላለሁ። እሑድ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ የት ሄደው ነው? ጋፋት ድረስ በእግር? ያንን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ስመኝን ያጨኋት እዚያ መንገድ ላይ ነው።

በሚቀጥለው ስንደዋወል ድምፄን አስተካክዬ ጠየቅኋት።

«ሰገነቱ ላይ ማነው የሚያጨሰው?»

«ምን?»

«ከቱቦው አጠገብ ጭስ አለ። አመሻሽ ላይ።»

«ታምራት ነው» አለች። «ማጣሪያ ስቀይር ይመጣል። ወዲያ ሂድ እለዋለሁ፣ ንፋሱ ይመልሰዋል መሰለኝ።»

«በየቀኑ?»

«መብራት በየቀኑ ይጠፋል፣ ጄኔሬተሩን በየቀኑ ማንሳት አለብኝ፣ ብቻዬን አልችለውም፤ እሱ በየቀኑ ይመጣል። ምን ልታዘዝ?»

«ለሥራው ብዬ ነው እኮ። ዳታውን ያበላሸዋል።»

«እሱባለው» አለችኝ፣ ድምፅዋ ቀዝቅዞ፣ «የተበላሸው ዳታው ነው ወይስ አንተ ነህ?»

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ቀን በኋላ እሾሁ ጠፋ። መስመሩ ንጹሕ ሆነ፣ ሄልቪ «ጎበዝ» አሉኝ። እኔ ግን ባሰብኝ። ቀድሞ ቢያንስ የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ አሁን የት ሆኖ እንደሚያጨስ በምን ልወቀው?

ስመኝን ወደዚህ ለማምጣት ያመለከትኩት በዚያ ሰሞን ነበር። ሰው ናፍቆኝ ነው እላለሁ ለሚጠይቀኝ፤ ናፍቆቱም ውሸት አይደለም። የውጭ ዜጎች ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ፊቷ ላይ ጠቃጠቆ ያላት ወጣት ሠራተኛ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች።

«ከባለቤትህ ጋር አብራችሁ ትኖራላችሁ?»

«አይ።»

«ለምን?»

«እንድትመጣ አልተፈቀደላትማ።»

«አብረው አይኖሩም» ብላ ጻፈች።

«አብረን እንድንኖር እኮ ነው ያመለከትኩት።»

«ገብቶኛል። አብረው የማይኖሩ ባልና ሚስት ግን የቤተሰብ ሕይወት እንዳላቸው በሌላ ነገር ማስረዳት አለባቸው። ባለቤትህ ቀኑን የት እንደምትውል ታውቃለህ?»

እኔ ራሴን ሌት ተቀን የምጠይቀውን አንዲት የማላውቃት ልጅ ማኅተም ይዛ ጠየቀችኝ።

«ሰገነት ላይ» አልኩ።

«ሰገነት ላይ ምን ታደርጋለች?»

«ደመና የሚሠራ ብናኝ ትለካለች።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ብቻዋን?»

«የሚያግዛት ሰው አለ።»

«ዘመድ ነው?»

«ጎረቤት ነው።»

«ጎረቤት» ብላ ጻፈች። አጻጻፏን አየሁት፣ ከኔ ስም ይልቅ ጎረቤት የሚለውን አሳምራ የጻፈችው መሰለኝ። ከዚያ ቀና አለች። «ትዳራችሁ እውነተኛ መሆኑን ምን ያሳያል ትላለህ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ፎቶ ያወጣ ነበር። እኔ በዚያች ሰዓት የቀረኝን እውነት ተናገርኩ። «ትቆጣኛለች» አልኳት። «ስልክ ትዘጋብኛለች። ለማይዘመድ ሰው ይህን ያህል አይደከምም።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ይህንንም ጻፈችው።

መልሱ ሳይመጣ አገር ቤት ክረምት ሄዶ በጋ ገባ። አንድ እሑድ ስመኝ ወሬ ስታወራኝ፣ የድንች ዋጋውን፣ የእናቴን ጉልበት ሕመም፣ በጋሳይ መንገድ የተገለበጠውን አይሱዙ ስትነግረኝ፣ በመሐል «ታምራት ዝውውር ደርሶት ሐዋሳ ሄደ እኮ» አለችኝ። «ሊያገባም ነው። እጮኛ ነበረችው፣ አልነገርኩህም?»

አልነገረችኝም። ምናልባትም ነግራኝ ነበር፣ እኔ ስለ እሱ ስታወራ ቃሉን ሳይሆን ድምፅዋን ነበር የማዳምጠው። ስልኩን ስዘጋ ክፍሌ ውስጥ እየተንጎራደድኩ ሳቅሁ። ሽሮ ሠራሁ፣ መስኮት አልከፈትኩም፣ የማርኩ መለኪያ መስመሩን አለፈ፣ ይለፍ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በሚቀጥሉት ሳምንታት የስመኝን ድምፅ ሳዳምጥ ምንም አልጎደለበትም። ሰው የጎደለው ሰው ድምፅ አይደለም። ተማሪዎች ጄኔሬተሩን ያነሱላታል፣ ማጣሪያ መቀየር አስተምራቸዋለች፣ ጠዋት ጉም ሲኖር ከወትሮው ቀድማ ትወጣለች። «ዛሬ እንዴት ያለ ጉም መሰለህ፣ እጄን ዘርግቼ ጣቴን አላየሁትም» ትለኛለች፣ ልጅ የወለደች ይመስል። አንድ ሰው ላይ ቀንቶ የከረመ ሰው ያ ሰው ሲሄድበት ቅናቱን የት እንደሚያኖረው ያጣል። እኔም አጣሁ።

የማኖርበትን ያገኘሁት በስብሰባው ቀን ነው። ሄልቪ በየወቅቱ ከተለያየ አገር በስክሪን የሚገናኙ ሰዎችን ይሰበስባሉ፤ የደብረ ታቦሩን ውጤት እኔ ላቀርብ ነበር የታሰበው። ከቀናት በፊት ስመኝ ራሷ ጻፈችላቸው፣ የምታሳየው ነገር እንዳለ። ስክሪኑ ላይ ጋቢዋን ደርባ፣ ከኋላዋ የቆርቆሮዋ ክፍል ግድግዳ እየታየ ቀረበች። በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው፣ ቀስ ብላ፣ ሳትደናገጥ።

ያሳየችው ይህ ነው። ጉሙ ከከተማው በላይ ሲቆም ብናኙ አብዛኛው ትኩስ የምድጃ ጭስ ነው፣ ውሃ ብዙም አይጠጣም። በአንዳንድ ጠዋት ግን አየሩ የሚመጣው ከቤተ ክርስቲያኖቹ ደን በኩል ነው፤ የትናንት ፀሐይ ከጥዱና ከወይራው ያወጣው ትንፋሽ ሌሊቱን ሙሉ አየር ላይ አድሮ፣ ተለውጦ፣ ብናኝ ሆኖ ይደርሳል። ያ ብናኝ በደንብ ይጠጣል። በነዚያ ጠዋቶች ጉሙ የተለየ ነው፣ ወፍራም ነው። እነዚያን ጠዋቶች እኔም አይቻቸው ነበር። የእርጥበት መለኪያው ተሳስቷል ብዬ ወደ ጎን አድርጌያቸው ነበር። እሷ ሰገነቱ ላይ ቆማ ነፋሱ ከየት እንደመጣ በፊቷ ስላወቀችው አልተጠራጠረችውም።

ጥያቄ ጎረፈላት። ከጀርመን ይጠይቃሉ፣ ከብራዚል ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች። እኔን ማንም አንድ ነገር አልጠየቀኝም። ሲያልቅ በጭብጨባ ፈንታ ጠረጴዛ እየደበደቡ አመሰገኗት፤ እኔም ደበደብኩ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ። መዳፌ እስኪቀላ።

ምሳ ላይ ሄልቪ ሾርባቸውን እያማሰሉ «ባለቤትህ ዕድለኛ ናት» አሉኝ። «እኛ የሰው ዳታ እናያለን። እሷ እዚያው ውስጡ ናት።»

እንግዲህ አስቡት። ደብረ ታቦር ሁሉ ዕድለኛው እኔ ነኝ ብሎ ነው የሸኘኝ። ዓይኔ እንባ እየሞላ ሾርባዬን ጨረስኩ፤ ሄልቪ ቃሪያው በዝቶበት ነው ብለው ውሃ ቀዱልኝ። በሾርባው ውስጥ ቃሪያ አልነበረም።

ፈቃዱ የመጣው ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ነው፤ እዚያ ክረምት ማለቴ ነው፣ እዚህ እንኳ ፀሐይዋ መጥለቅ ረስታ ቀኑ ማለቂያ ያጣበት ወቅት ነበር። ለባለቤትህ የመኖሪያ ፈቃድ ተሰጥቷል ይላል። ከቢሮው ወጥቼ ሐይቁ ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና ደወልኩ። ስታነሳው ከኋላዋ የፓምፑ ድምፅ ይሰማል።

«ስመኝ፣ ተፈቀደልሽ።»

የብረቱን በር ስትዘጋው ሰማሁ።

«ደስ ይላል» አለች።

«ደስ ይላል ብቻ?»

«ደስ ብሎኛል እሱባለው፣ እውነቴን ነው። ግን ክረምቱ ገባ። አሁን ትቼው ብመጣ የዚህ ዓመቱ ያመልጠኛል። ጣቢያውን ለማን ልስጠው?»

በዚያን ጊዜ ምነው ታምራት በነበረ ብዬ ተመኘሁ። ይህን የምለው እኔ ነኝ። አለሁላት ያለው ሰው ቢኖርና ጣቢያውን ለሱ ጥላ ብትመጣልኝ።

«ከክረምቱ በኋላስ?» አልኳት።

«ከክረምቱ በኋላ እናያለን።» ቀጥላም «ለምን አንተ አትመጣም?» አለችኝ።

«ትምህርቱስ?»

«ጨርሰህ ና። ወይም ሳትጨርስ ና፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ናፍቀኸኛል። ግን እዚያ መጥቼ ምን እሆናለሁ? ያን የእርጥበት መለኪያ እያየሁ ሽሮ ልክደን? እዚህ እኮ ጠዋት ስወጣ የምጠብቀው ነገር አለ።»

የምጠብቀው ነገር አለ ያለችው እኔን አይደለም። ታምራትንም አይደለም። ተራራ ላይ በሚወጣ ጉም ሰው እንዴት ነው የሚቀናው? ሰው ቢሆን ይጣሉታል፣ ይሰድቡታል፣ ቢያንስ ፊቱን ያያሉ።

«እኔስ?» አልኳት። «እኔን አትጠብቂኝም?»

«ሁለት ክረምት ስጠብቅህ ነው እኮ የከረምኩት» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ሌላ ነገር ልትጨምር ጀምራ ነበር፣ ግን ከሩቅ የተማሪ ድምፅ «እትዬ፣ ደመናው ከታች እየመጣ ነው» ሲል ሰማሁ።

«ቆይ፣ አንዴ ቆየኝ» አለችኝ፤ «እንዳትዘጋ።»

ስልኩን አንድ ነገር ላይ አኖረችው። የብረት በር ተከፈተ። ስትሮጥ ኮቴዋ ይሰማኛል፣ «ቱቦውን፣ ቱቦውን ወደዚህ» ስትል፣ ሰዎች ሲተራመሱ። ከዚያ መጀመሪያ እንደ ጠጠር እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ እያለ፣ ወዲያው ደግሞ አንድ ላይ ሆኖ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። እኔ ባለሁበት ሰማዩ ጥርት ብሎ አንድ ደመና የለበትም፣ ሐይቁ ላይ ሰዎች በጀልባ ይንሸራሸራሉ። ከዝናቡ ውስጥ ስመኝ ስትስቅ ሰማሁ። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ነግሯት ነው፤ ማን ምን እንዳላት አልያዝኩትም።

«ስመኝ» አልኩ። «ስመኝ፣ እየሰማሁሽ ነው።»

ስልኩ አጠገብ ማንም አልነበረም። እንዳትዘጋ ብላኝ ስለነበር አልዘጋሁትም።